እንኳን አላጸዱት!

ዛሬ ከጫጫታ ትንሽ ልራቅ ብዬ አንዲት ጥብቅ ደን ውስጥ በእግሬ ዞር ዞር ብዬ መጣሁ። ትንሽዬ ናት። ፈጠን ብሎ ለሚሄድ ሰው ገና ሰውነቱ ሳይሟሟቅ መንገዱ ያልቅበታል። ግን ማን ያጣድፈኛል?

በጣም ደስ ያለኝ የወደቁትን ዛፎች እዚያው መተዋቸው ነው። "ምነው አያጸዱትም?" የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን እንኳን አላጸዱት እላለሁ፤ የበሰበሰ ግንድ እኮ ሙሉ ሰፈር ነው፣ ከቅርፊቱ ስር ጥንዚዛው፣ ሸረሪቱ፣ ትላትሉ ይርመሰመሳል፣ እንጉዳዩ ደግሞ እንጨቱን ቀስ እያለ ያፈራርሰውና መልሶ አፈር ያደርገዋል፣ አንዳንዱ ግንድ ላይማ አዲስ ችግኝ ሁሉ በቅሎበታል። ቁጭ ብዬ ሳይ ቆየሁ።

ሌሊት ዘንቦ ስለነበር ያ የእርጥብ አፈር ሽታ አለ አይደል? አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ጂኦስሚን የሚባል ነገር ነው። አፍንጫችን ደግሞ እጅግ ጥቂቷን እንኳን ይለያታል።

አንድ ያናደደኝ ነገር ግን አቋራጩ ነው። ጭቃ ላለመርገጥ ሰው ከመንገዱ እየወጣ ሌላ መንገድ አበጅቷል። አፈሩ ሲረገጥ ይጠቀጠቃል፣ ውሃና አየር እንደልብ አይገባውም፣ የዛፍ ሥር ደግሞ አብዛኛው ያለው እዚያው ላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ጫማ ይታጠባል እኮ!

ስፒከር አንጠልጥላችሁ ለምትመጡት ደግሞ፣ የጆሮ ማዳመጫ የሚባል ነገር ተሠርቷል። ወፎቹም ተራ ይድረሳቸው።