ዳታቤዝ የሚነካ ኮድ ሲፈተሽ፦ ሮልባክ የሚደብቃቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ከፊራ አካባቢ ላለ አንድ ጅምላ አከፋፋይ የዕቃና የዱቤ መመዝገቢያ ሶፍትዌር እየሠራችሁ ነው እንበል። ኮዱ ሽያጭ ይመዘግባል፣ ከክምችት ይቀንሳል፣ የደንበኛውን ዱቤ ይደምራል፣ ማታ ሪፖርት ያወጣል። ከዚህ ሁሉ ግማሹን የሚሠራው ግን ዳታቤዙ ነው። ክምችት ከዜሮ እንዳይወርድ የሚከለክለው፣ ያልተመዘገበ ደንበኛ ላይ ዱቤ እንዳይጻፍ የሚያግደው፣ ሽያጩና ቅነሳው አብረው እንዲጸኑ ወይም አብረው እንዲሰረዙ የሚያደርገው እሱ ነው። ስለዚህ ዳታቤዙን በሞክ (በእውነተኛው ቦታ በሚቆም አስመሳይ ኮድ) ተክቶ ቴስቱ ሁሉ አለፈ ማለት ግማሹ ሥራ ሳይፈተሽ ቀረ ማለት ነው። ሞክ የነገራችሁትን መልሶ ይነግራችኋል፤ የአምድ ስም ብትሳሳቱ እንኳ አያውቅም። ሞክን ለኤስኤምኤስ መላኪያውና ለክፍያ መተላለፊያው አቆዩት።

ሁለተኛው አቋራጭ ፕሮዳክሽን (ደንበኛው በእርግጥ የሚሠራበት ሲስተም) ላይ ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ፣ ቴስት ላይ ግን ቀለል ያለውን ኤስኪውላይት መጠቀም ነው። ይፈጥናል፣ ሰርቨር አይፈልግም፤ ብዙ ሰው የሚሳበው ለዚህ ነው። ችግሩ ኤስኪውላይት ቸልተኛ መሆኑ ነው። ፎሪን ኪይን (የሚጠቆመው ረድፍ በሌላው ሰንጠረዥ መኖሩን የሚያስገድደውን ደንብ) በነባሪ ስለማያስከብር በእያንዳንዱ ኮኔክሽን ላይ ፕራግማውን (የሚያበራውን ትእዛዝ) መክፈት አለባችሁ። ቫርቻር 10 (እስከ 10 ፊደል የሚይዝ) ያላችሁት አምድ 50 ፊደል ይቀበላል። ሰንጠረዡን ስትሪክት (ዓይነት የሚያስከብር) ካላደረጋችሁት በቀር ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) አምድ ላይ «ሁለት ኩንታል» የሚል ጽሑፍ ብታስገቡ ዝም ብሎ ያስቀምጣል። ለብርና ሳንቲም የሚሆን ትክክለኛ የዴሲማል ዓይነት ስለሌለውም ክፍልፋዩን በፍሎት (በግምታዊ የክፍልፋይ ቁጥር) ይይዘዋል፤ የዱቤ ድምር ላይ ሳንቲም የሚዛነፈው በዚህ ነው። ፖስትግሬስ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በስህተት መልእክት ይመልሳል፣ አራተኛውን ኒውመሪክ በተባለው የቁጥር ዓይነቱ በትክክል ይይዛል።

እንግዲህ ፕሮዳክሽኑ ላይ ያለውን ዳታቤዝ ከነቨርዥን ቁጥሩ በዶከር (ፕሮግራምን ከነአካባቢው በጥቅል በሚያስነሳ መሣሪያ) አስነሱ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቀን ሁሉም ሰው ኢሜጁን (ጥቅሉን) እንደ አዲስ እንዲያወርድ አታድርጉ፤ አንዱ ያውርድና በዶከር ሴቭ ወደ ፋይል ቀይሮ በፍላሽ ያዙር፣ ሌላው በዶከር ሎድ ይጫነው። የቴስቱ ዳታ ስለማያሳሳ የዳታ ማውጫውን በቲኤምፒኤፍኤስ ራም ላይ አድርጉት፤ ኤፍሲንክን፣ ሲንክሮነስ ኮሚትንና ፉል ፔጅ ራይትስን አጥፉ። እነዚህ መብራት ቢጠፋ ዳታ እንዲተርፍ የሚጠብቁ ናቸውና ፕሮዳክሽን ላይ እንዳትነኳቸው። በስህተት ሌላ ዳታቤዝ ውስጥ እንዳትገቡ ፖርቱንም ከ5432 ወደ 5433 ቀይሩት። ቴስቱ ሲነሳ ደግሞ መጀመሪያ የዳታቤዙን ስም ይይ፤ ስሙ ቴስት በሚል ቃል ካላለቀ አንዲት ረድፍ ሳይነካ ይቁም። በዚያች አንድ መስመር ኮድ የደንበኛ ዳታ ይተርፋል።

ሰንጠረዦቹን ፕሮዳክሽን ላይ በሚሄደው በዚያው ማይግሬሽን (ሰንጠረዦችን ደረጃ በደረጃ በሚፈጥርና በሚቀይር ኮድ) ገንቡ። ኦአርኤሙ (የኮዱን ክላሶች ከሰንጠረዦች ጋር የሚያገናኘው ላይብረሪ) ከክላሶቹ በቀጥታ ሲፈጥራቸው በእጅ የተጻፈ ኢንዴክስ (ፍለጋ ማፍጠኛ)፣ ትሪገር (ረድፍ ሲቀየር በራሱ የሚሠራ ኮድ) ወይም ቼክ (የሚገባውን ዋጋ የሚገድብ ደንብ) ሊቀር ይችላል። ማይግሬሽኑ ረዥም ከሆነ አንዴ አስኪዱና ውጤቱን ቴምፕሌት አድርጋችሁ ሌሎቹን ከእሱ ቅዱ፤ በቅጂው ሰዓት ቴምፕሌቱ ላይ ሌላ ክፍት ኮኔክሽን ካለ ግን ፖስትግሬስ እምቢ ይላል።

ቴስቶች እንዳይበካከሉ የተለመደው ዘዴ እያንዳንዱን ቴስት በትራንዛክሽን (አብረው በሚጸኑ ወይም አብረው በሚሰረዙ ሥራዎች ጥቅል) ከፍቶ በሮልባክ (ሁሉንም በመሰረዝ) መዝጋት ነው፤ ማጽናቱ ኮሚት ይባላል። ፈጣንና ጥሩ ዘዴ ነው፣ እኔም አብዛኛው ቴስት እንዲህ ይሁን ባይ ነኝ። የሚደብቀውን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ሲኩዌንስ (ተራ ቁጥር የሚሰጠው ቆጣሪ) በሮልባክ ወደ ኋላ አይመለስም፤ «የመጀመሪያው ደረሰኝ ቁጥር 1 ነው» የሚል ቴስት ዛሬ አልፎ ነገ ይወድቃል። ናው የተባለው የፖስትግሬስ የሰዓት ፈንክሽን ትራንዛክሽኑ የተጀመረበትን ሰዓት ነው የሚሰጠው። በአንድ ቴስት ውስጥ አምስት ሽያጭ ብትመዘግቡ አምስቱም እስከ ማይክሮሰከንድ አንድ ሰዓት ይይዛሉ፣ በሰዓት ሲደረደሩም ቅደም ተከተላቸው ዕድል ይሆናል። መፍትሔው ሰዓቱን ከኮዱ መስጠት ወይም በመለያ ቁጥር ጭምር መደርደር ነው። ዲፈርድ የተደረገ (ፍተሻው ለኋላ የተላለፈ) ኮንስትሬይንት (የዳታ ደንብ) ደግሞ የሚፈተሸው ኮሚት ላይ ስለሆነ ኮሚት በሌለበት ቴስት ውስጥ ጨርሶ አይነካም፤ ቴስቱ መጨረሻ ላይ ኮንስትሬይንቶቹን ሁሉ ኢሚዲየት (ወዲያው የሚፈተሹ) አድርጉና ያኔ ይጩህ። ስህተት የሚጠበቅበት ቴስት ላይም ከአንድ ስህተት በኋላ ትራንዛክሽኑ ስለሚበላሽ ቀጣዩ ጥያቄ ሁሉ ይወድቃል፤ ስህተቱን የሚጠራውን መስመር በሴቭፖይንት (በትራንዛክሽኑ መሃል በሚቀመጥ መመለሻ ነጥብ) ክበቡት። ማይኤስኪውኤል የተባለውን ዳታቤዝ የምትጠቀሙ ደግሞ ሰንጠረዥ መፍጠርና መቀየር በራሱ ኮሚት እንደሚያደርግ አስታውሱ። እዚያ ሮልባኩ የሚሰርዘው ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻ ነው።

ዋናው ክፍተት ግን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሲሠራ የሚፈጠረው ነው። መጋዘን ውስጥ 1 ኩንታል ስኳር ቀርቷል፤ ሁለት ሻጮች በሁለት ኮምፒውተር ይሸጡታል። ኮዱ ቀሪውን አንብቦ፣ 1 መሆኑን አይቶ፣ «ቀሪ 0» ብሎ የሚጽፍ ከሆነ ሁለቱም ይሳካላቸዋል። የፖስትግሬስ ነባሪ የሆነው ሪድ ኮሚትድ (ኮሚት የተደረገውን ብቻ የሚያስነብበው የትራንዛክሽን ደረጃ) አያግዳቸውም፤ ቀሪው ከዜሮ አይነስ የሚለው ቼክም ሁለቱም የሚጽፉት 0 ስለሆነ ዝም ይላል። ይህን በሮልባክ የታሸገ ቴስት ሊይዘው አይችልም፤ ኮሚት ያልተደረገውን ረድፍ ሁለተኛው ኮኔክሽን አያየውምና።

ስለዚህ ረድፉን በእውነተኛ ኮሚት አስገቡና «ሀ» እና «ለ» የምንላቸውን ሁለት ኮኔክሽን ክፈቱ። ሁለት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ ኮድ) ለቆ ሩጫው እስኪገጣጠም መጠበቅ ሎተሪ ነው፤ ተራውን ራሳችሁ ምሩት። ሀ ያንብብ፣ ለ ያንብብ፣ ሀ ጽፎ ኮሚት ያድርግ፣ ከዚያ ለ ይጻፍ። የተበላሸው ኮድ ሁሌም ይጋለጣል። ማስተካከያው ማንበቡንና መቀነሱን አንድ አፕዴት (የመቀየሪያ ትእዛዝ) ማድረግ ነው፦ ቀሪው ቢያንስ 1 ከሆነ 1 ቀንስ፣ ከዚያ ስንት ረድፍ እንደተነካ ቁጠር። የተስተካከለውን ስትፈትሹ ሀ አፕዴት አድርጎ ኮሚት ሳያደርግ ይቆይ፤ በሌላ ትሬድ ያለው ለ ይጠብቃል። ሀ ኮሚት ሲያደርግ ፖስትግሬስ ለ ላይ ሁኔታውን በአዲሱ ረድፍ ደግሞ ይመዝናል፣ የተነካ ረድፍም 0 ይሆናል። ሎክ ታይምአውትን (የተቆለፈ ረድፍ እስኪለቀቅ የሚጠበቅበትን ጣሪያ) 2 ሰከንድ አድርጉት፤ ያለዚያ የተሳሳተ ቴስት ሲፈዝ ይውላል። ጽዳቱ በትራንኬት (ሰንጠረዡን ባዶ በሚያደርግ ትእዛዝ) ነው፣ ቆጣሪው እንደ አዲስ እንዲጀምር ሪስታርት አይደንቲቲ ጨምሩበት። ካስኬድ ካላችሁ ወደዚያ ሰንጠረዥ የሚያመለክቱትን ሁሉ እንደሚያራግፍ አትርሱ። እንዲህ ያሉ ቴስቶች ይዘገያሉ፤ ጥቂት ይሁኑ፣ ለብቻቸውም ይቀመጡ።

የቴስት ዳታው ራሱ «ደንበኛ 1፣ ደንበኛ 2» ከሆነ ብዙ ያልፋችኋል። እዚህ ከተማ አንዱ ሻጭ ሙሐመድ፣ ሌላው ሙሀመድ፣ ሦስተኛው ሙሃመድ ብሎ ይመዘግባል፤ ለዳታቤዙ ሦስት ሰው ናቸው፣ ዱቤውም ለሦስት ይከፈላል። ፖስትግሬስ ላይ ከቨርዥን 12 ጀምሮ በትራንስሌት (ፊደልን በፊደል በሚተካ ፈንክሽን) የሚሞላ ጄኔሬትድ (ዳታቤዙ ራሱ የሚያሰላው) አምድ ለፍለጋ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ድምፃቸው አንድ በሆነ ፊደል የሚተኩት ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ በሰባቱም ድምፅ 35 ፊደል ናቸው፣ ሃ እና ኣ ይጨመሩበታል። ቴስቱ ሁሉንም በዙር ያስገባና ይፈልግ፤ በእጅ ሲጻፍ አንዷ ትዘለላለች። በፍለጋ የተገኙትን ስሞች ግን በራሱ አንድ አያድርግ፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሙሐመዶች በእርግጥ ይኖራሉ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። በረመዳን ከሌሊቱ 7፡30 የተደረገ ሽያጭ በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቆጥረው የዓለም መደበኛ ሰዓት) ያለፈው ቀን 22፡30 ነው። ሰርቨሩ በዩቲሲ የሚቆጥር ከሆነ የማታው ሪፖርት ላይ ትናንት ውስጥ ይገባል። የቴስት ኮኔክሽኑን ሆን ብላችሁ ዩቲሲ አድርጉና ሪፖርቱ በአዲስ አበባ ሰዓት መቁጠሩን ፈትሹ። ከዚያ በፊት ግን ባለሱቁን ጠይቁት፤ ለእሱ ቀኑ የሚያልቀው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ቴስቱም በዚያው ይጻፋል። ወርሃዊ ሪፖርት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ የ2015 ጳጉሜ 6 እና የ2016 መስከረም 1 ይግቡበት። ጳጉሜን 5 ቀን ብሎ የጻፈ ኮድ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።