በአንድ ድስት፦ የደብረ ሊባኖስ የሁለት ሌሊት ማስታወሻ

ዓርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት አውቶቡስ ሞልተን ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ወጣን። አጠገቤ የተቀመጡትን ሰው በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ ቅዳሴ ላይ ሁልጊዜ ከግድግዳው ጥግ ይቆማሉ። ስማቸውን ግን አላውቅም ነበር። የእንጦጦን ዳገት ስንያያዘው «የት ብሎክ ነዎት?» አልኳቸው። የነገሩኝ ቁጥር የራሴ ብሎክ ነው። ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው አራት ዓመት ኖረዋል።

ደብራችን ከኮንዶሚኒየሙ ጋር አብሮ የተተከለ ነው። ያሰባሰበን ዕጣ ነው፤ አንዱ ከፒያሳ፣ ሌላው ከካዛንቺስ፣ ሌላው ከመርካቶ መጣ። ብዙዎቻችን እድር የምንከፍለው ዛሬም በድሮ ሰፈራችን ነው። እሑድ በየተራ ተደግሶ አብሮ የሚበላበት ሰንበቴ የለንም። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ጸበል ጠጥተን፣ መስቀል ተሳልመን፣ በየደረጃችን ሽቅብ እንበተናለን። የሰበካ ጉባኤውና የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ይህን አይተው ነው ጉዞውን ያሰቡት። የተክለ ሃይማኖት ወርኃዊ በዓል በሚውልበት በ24 እንዳይሆንም ተጠንቅቀዋል፤ በዚያ ቀን ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ መተያየት አይቻልም። አንድ ደንብ አወጡ፦ ማንም ለብቻው ምሳ ዕቃ አይዝም። ወሩ ጥቅምት ስለሆነ ጽጌን የሚጾሙ አሉ፤ የማይጾሙም አሉ። ማንም ተለይቶ እንዳይበላ ሁሉም በጾም ምግብ ተስማማ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች።

ሱሉልታን፣ ጫንጮን፣ ሙከጡሪን አለፍን። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ መኪናው ወደ ቀኝ ታጠፈ። እስከዚያ ድረስ ሜዳ ነበር፤ ገብሱ ቢጫ ሆኖ፣ ከብት ተሰማርቶ። ከዚያ መሬቱ ድንገት ተቆርጦ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ሕፃናቱ ወደ መስኮቱ ተንጋጉ፤ እናቶች አማተቡ። እኔም አማተብኩ።

ገዳሙ ስንደርስ ሊመሽ ነው። ለእንግዳ በተሰጠን አዳራሽ ሰሌን አነጠፍን፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላ። ከዚያ ጉልቻ ተጎለተ። ስለዚያ ማታ ብዙ መጻፍ እችላለሁ። ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሽንኩርት የሚከትፉትን ሴቶች ያገዙትን ወንዶች ቢላ አያያዝ ያስተማራቸው አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ እናቱ ስትታመም ቤቱን የያዘው እሱ እንደሆነ የሰማነው ያኔ ነው። ከእኔ ጋር የመጡት ጎረቤቴ ውሃ በጀሪካን ሲያመላልሱ አመሹ። ራት የቀረበው ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አምስት አምስት ሆነን በአንድ ትሪ በላን።

ቅዳሜ ማለዳ ጫማችንን አውልቀን ወደ ዋሻው ወጣን። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት የጸለዩበት ነው፤ ቦታው ያኔ ደብረ አስቦ ይባል ነበር። ከዓለቱ የሚንጠባጠበውን ጸበል ተጠመቅን። አንዲት እናት ጉልበታቸው አልወጣ ብሏቸው መንገድ ላይ ቀርተው ነበር፤ ወጣቶቹ ተቀባብለው ደግፈው አደረሷቸው። ቅድም ስማቸውን የማያውቁ ልጆች ሲወርዱ «እማማ፣ ቀስ በሉ» ይሏቸው ነበር።

ከዋሻው ስንመለስ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ተቀብለው አስተማሩን። ስለ 1929 ዓ.ም. ነገሩን። በየካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣሊያን ገዳሙን ወነጀለ። ግንቦት 12 የጻድቁ ፍልሰተ ዐፅም ስለሚከበር ገዳሙ በእንግዳ ሞልቶ ነበር። በማግስቱ መነኮሳቱን ላጋ ወልዴ ወስደው ረሸኗቸው። ከቀናት በኋላ ደግሞ ዲያቆናቱን በደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ ላይ ፈጇቸው። ግራዚያኒ ለአለቆቹ የዘገበው 449 ነው፤ በኋላ ያጠኑት ግን ከ1,000 እስከ 2,000 ያደርሱታል። አባ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። ለአፍታ ዝም አሉና ስለ ገዳም ሥርዓት ቀጠሉ። የአንድነት ገዳም አለ፣ የቁሪትም አለ። በአንድነት ገዳም ማዕዱ አንድ ነው፤ በቁሪት መነኩሴው በየበዓቱ የራሱን ይበላል። «ሁለቱም የተፈቀደ ነው፤ መነኩሴ አገሩን ጥሎ ነው የሚመጣው፣ ከሌላው ጋር አንድ የሚያደርገው ጸሎቱ ነው» አሉ።

እኔ ግን የራሳችን ነገር ታወሰኝ። እኛ ምእመናን ነን፤ ጸሎቱም እሑድ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚያገናኘን። ሳናውቀው በቁሪት ስንኖር ኖረናል።

ከሰዓት በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ስንወያይ፣ ወደ ዋሻው ሲወጡ የተደገፉት እናት ቃል ጠየቁ። «ባለቤቴ ካረፈ ስምንት ወር ሆነው» አሉ። «ቀብሩን ያስፈጸመው የድሮ ሰፈሬ እድር ነው። ከእናንተ ማንም አልመጣም። አልተቀየምኩም፤ ማን ነግሯችሁ ትመጣላችሁ? እኔም አልነገርኩም።» ለረጅም ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። ከዚያ ጎረቤቴ ተነሥተው እግራቸው ላይ ወደቁ። ሳጥኑ በደረጃው ሲወርድ በሩን ከፍተው አይተው መልሰው መዝጋታቸውን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናገሩ። እኔም በዚያው ደረጃ ነው የምወጣው የምወርደው። ማን እንደሞተ ጠይቄ አላውቅም።

ሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ ቆመን አደርን። ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ የመቋሚያው ወዝ። ብርዱ ሲበረታ አንድ ጋቢ ለሦስት ተከናነብን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ሰንበቴ ተመሠረተ። የሰንበቴው መሪ፣ ሙሴ የሚባለው፣ ተመረጠ፤ ተራ ወጣ። እማማ «መጀመሪያው የእኔ ይሁን» አሉ፤ ለባለቤታቸው መታሰቢያ ጠላ ሊጠምቁ። ጌሾውንና ብቅሉን ሌሎች ተከፋፈሉት። በርሜሉን ጎረቤቴ ቻሉ።

ሰኞ ማታ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ የፕላስቲክ በርሜል ደረጃው ላይ አቁመው «ብቻዬን አልቻልኩም፤ ያዙልኝ» አሉ። አሁን ስማቸውን አውቀዋለሁ፤ በስማቸው ጠርቼ አንዱን ወገን ያዝኩ። አራተኛ ፎቅ ስንደርስ እማማ በሩን ከፍተው ይጠብቁን ነበር።