የአስር ሰዓቱ አምሮት

ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ገደማ የሚመጣብኝ የጣፋጭ አምሮት ከረሃብ የተለየ ጠባይ አለው። ረሃብ የትናንት ፍርፍርም ቢሆን፣ ደረቅ ቆሎም ቢሆን ያገኘውን ይቀበላል፤ ይህኛው ግን ቦምቦሊኖ ወይም ኬክ ካልሆነ በቀር በምንም አይደለልም። የማመሳክረው የሒሳብ ሰነድ አንድ መስመር ላይ ይቆምብኛል፣ ያለ ምክንያት እነጫነጫለሁ፣ ከዚያም ከመሥሪያ ቤታችን ፊት ለፊት ካለው ኬክ ቤት መስታወት በስተጀርባ የተደረደረው ሁሉ በዓይነ ልቡናዬ ይመጣል። ሰዎች ይህን «ሆዳምነት» እያሉ ሲቀልዱበት እሰማለሁ። እኔ ግን ነገሩን ተከታትዬ ስመረምረው፣ የአስር ሰዓቱ አምሮት በአብዛኛው የሚዘጋጀው ጠዋት በቁርስና ቀትር ላይ በምሳ እንደ ሆነ አምኛለሁ።

ለመረዳት የረዳኝ አንድ ቁጥር ነው። በአንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚገኘው ግሉኮስ በጠቅላላው 5 ግራም ገደማ፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ብዙም የማይበልጥ ነው። ቁርሴ ደግሞ ለዓመታት ነጭ ዳቦና ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ነበር፤ ዳቦው ራሱም ሆድ ውስጥ ገብቶ ሲፈጭ ወደ ግሉኮስ የሚለወጥ ነው። ይህ ሁሉ በአጭር ጊዜ ወደ ደም ሲገባ ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን ትለቃለች፤ ኢንሱሊኑም ስኳሩ ወደ ጡንቻ፣ ወደ ጉበትና ወደ ስብ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በፍጥነት የወጣው ስኳር በፍጥነት ይወርዳል፣ በአንዳንድ ሰው ላይም ምግቡ ከመበላቱ በፊት ከነበረው መጠን በታች ይደርሳል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ ከምናጠፋው ኃይል አንድ አምስተኛ ገደማውን የሚወስድና ዋና ቀለቡም ግሉኮስ የሆነ አካል ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለውን መውረድ በዝምታ አያልፈውም፤ ቶሎ የሚደርስለትን ነገር ይጠይቃል፣ ከስኳር የበለጠ ቶሎ የሚደርስ ደግሞ የለም።

እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ስለ ሆነች ቤታችን ውስጥ መለኪያ አይጠፋም። አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ቤት በዋልኩበት ከሰዓት አምሮቱ ሲበረታብኝ ጣቴን ወግቼ ለካሁ፤ 82 አለ። ከ70 በታች ካልሆነ በቀር ዝቅ ብሏል አይባልምና ምንም አልጎደለኝም ማለት ነው። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ግራ አጋብቶኝ ነበር፣ በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ወጣ አንድ ጥናት ሳነብ ነገሩ ተገለጠልኝ። ተመራማሪዎቹ ከአንድ ሺህ በላይ በሆኑ ሰዎች ክንድ ላይ ስኳርን ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ አድርገው ሲከታተሉ፣ ቀጣዩን ረሃብ በተሻለ ሁኔታ የሚያመለክተው የስኳሩ ከፍታ ሳይሆን ከቁርስ በኋላ ባለው ሁለትና ሦስት ሰዓት ውስጥ ከመነሻው በታች የሚወርደው መጠን ሆኖ አግኝተውታል። እነዚህ ሰዎች የስኳር ሕመምተኞች አልነበሩም፤ ስኳራቸው በብዛት የሚወርድባቸው ግን ቶሎ ይርባቸዋል፣ በቀኑም ውስጥ ከሌሎቹ አብልጠው ይበላሉ። መለኪያው የሚያሳየው ያለሁበትን እንጂ ከየት ወርጄ እንደ መጣሁ አይደለም። (አምሮቱ ሲመጣ እጄ መንቀጥቀጡ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹ የማኪያቶ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።)

ለእናቴ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። እሷ ኢንሱሊን ስለምትወጋ ስኳሯ ከ70 በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ያልባታል፣ ንግግሯም ይዘበራረቃል። በነጠላዋ ጫፍ ከረሜላ ቋጥራ የምትዞረው ለዚህ ነው። ሐኪሟ ያስተማራት 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ማለትም ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ በውኃ በጥብጣ እንድትጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም መልሳ እንድትለካ ነው። የእኔን የአስር ሰዓት አምሮት ስነግራት «ልጄ፣ የኔ ከረሜላ መድኃኒት ነው፤ ያንቺው ቅብጠት ነው» ብላ ሳቀችብኝ። ቅብጠት ባይሆንም ልዩነቱን በትክክል አስቀምጣዋለች፤ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው እኔ እዚህ የምጽፈውን ዓይነት ለውጥ ከሐኪሙ ጋር ሳይመካከር ሊሞክር አይገባም።

ትልቁን ለውጥ ያገኘሁት ከቁርስ ነው። አሁን በፍስክ ቀን እንቁላል፣ በጾም ቀን ፉል እበላለሁ፤ ሻዩም ያለ ስኳር ሆኗል። የጥራጥሬ ጥቅም እዚያው ሰዓት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። የቶሮንቶው ተመራማሪ ዴቪድ ጄንኪንስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ምግቦች የደም ስኳርን ከፍ በሚያደርጉበት ፍጥነት የሚመደቡበትን መለኪያ አስተዋውቀው ነበር፤ በዚያው ዘመን ባደረጉት ሌላ ሙከራም ቁርስ ላይ ምስር የበላ ሰው ከምሳ በኋላ እንኳን ስኳሩ ዳቦ ከበላው ያነሰ ከፍታ እንደሚያሳይ አይተዋል። የምስሩ አሰርና ፕሮቲን መፈጨትን ስለሚያዘገዩ ውጤቱ እስከ ቀጣዩ ማዕድ ይሻገራል። እኛ ምስርንና ፉልን የጾም ምግብ ብለን ዝቅ አድርገን ስናይ፣ የሌላው አገር ሰው ለጤናው ብሎ በውድ ዋጋ እየገዛ የሚበላው መሆኑ ያስቀኛል።

ምሳ ላይ ግን ትግል አለ። በመሥሪያ ቤታችን አካባቢ ርካሹና ሆድ የሚሞላው ምሳ ፓስታ በእንጀራ ነው፤ ስታርች በስታርች ተጠቅልሎ፣ ከጎኑ ለስላሳ ይቀርባል። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ከ30 ግራም በላይ ስኳር እንዳለ እያወቅሁ በምሳ ሰዓት ጠረጴዛው ሁሉ በጠርሙስ ሲሞላ ማየት ይከብደኛል። «መጀመሪያ አትክልቱን ብሉ፣ ከዚያ ሥጋውን፣ በመጨረሻ ዳቦውን» የሚለው ምክር በጥናት የተደገፈ ቢሆንም ለእኛ ገበታ አይመችም፤ ጎመኑን ያለ እንጀራ በምን ይጎርሱታል? እኔ ያደረግሁት ጉርሻውን መለወጥ ነው፤ እንጀራውን አሳንሼ ምስሩን፣ ጎመኑንና ሽሮውን አበዛለሁ። ጤፍ ጥሩ እህል መሆኑ ባያጠያይቅም፣ የላመ ዱቄት ሆኖ የተጋገረ እንጀራ ሲበዛ ስኳርን ከፍ ማድረጉ አይቀርምና ጤፍ ነው ብዬ አልዘናጋም። ከምሳ በኋላ ደግሞ ቢሮ ገብቼ ከመቀመጤ በፊት አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ በእግሬ እዞራለሁ። የሚሠራ ጡንቻ ኢንሱሊንን ብዙም ሳይጠብቅ ግሉኮስን ከደም የሚወስድ በመሆኑ፣ ይህች አጭር ዙረት ከፍታውን እንደምታበርደው በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ዕለት አስር ሰዓት ላይ ይታወቀኛል።

የጎረቤት ቡና የራሱ ፈተና አለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ከገባ ስድስት ማንኪያ፣ ማለትም 24 ግራም ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመር ስኳር በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከተቻለም ከ5 በመቶ እንዲያንስ ይመክራል፤ 5 በመቶው ለአብዛኛው አዋቂ 25 ግራም ያህል ነው። አንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ብቻውን የቀኑን ድርሻ ጨረሰው ማለት ነው። ስኳር ይቅርብኝ ስል ጎረቤቴ «በሞቴ፣ እንደ ሐሞት የመረረ ቡና ምን ይባላል!» ብላ ማንኪያውን ትዘረጋለች። ከብዙ ክርክር በኋላ ጤና አዳም በመጨመር ተስማምተናል፤ ጠረኑ ምላስን ስለሚይዝ ስኳሩ ብዙም አይናፍቅም። ከፈንዲሻው ላይም ስኳር መነስነስ ቀርቷል፤ ይህን ግን የወሰነችው እሷ ናት።

በዐቢይ ጾም ጾሙን የምንፈታበት ሰዓት ላይ የሚጠጣው ስፕሪስም የሚያታልል ነው። አቮካዶው መልካም፣ ማንጎውም መልካም፤ ላዩ ላይ የሚደፋው ቀይ ሽሮፕና ውስጡ የሚጨመረው ስኳር ግን ቀኑን ሙሉ ባዶ በሆነ ሆድ ላይ ሲያርፍ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ አምሮት ይዞ ይመጣል። ሽምብራ ወይም ሱፍ ፍትፍት ቀድሞ ከገባ ጭማቂው ያን ያህል አይጎዳም።

ይህን ሁሉ ብዬ ደግሞ አምሮትን ሁሉ በደም ስኳር ብቻ ለማስረዳት አልፈልግም። ማታ ራት በልቼ፣ ሆዴ ሞልቶ ሳለ የሚመጣብኝ የብስኩት ፍላጎት ከስኳር መውረድ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ከቴሌቪዥኑ ፊት የመቀመጥ ልማድ ነው። እንቅልፍ ማጣትም ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ለሁለት ሌሊት አራት ሰዓት ብቻ የተኙ ወጣት ወንዶች ረሃብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ጨምሮ፣ ጥጋብን የሚያሳውቀው ደግሞ ቀንሶ፣ ከሁሉ ይልቅ ጣፋጭና ዳቦ መሰል ምግብ እንዳማራቸው አሳይቷል። በዓመቱ ማብቂያ፣ የሒሳብ መዝጊያ በሚሆንበት በሰኔ መጨረሻ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ስንሠራ ይህ በእኔም ላይ በግልጽ ይታያል፤ የጠዋቱ ፉል ያን ሰሞን አቅም ያጣል። በእነዚያ ቀናት ከኬኩ ጋር አልጣላም። ምሳዬን እንደ ጨረስኩ፣ ምስሩና ጎመኑ ሆዴ ውስጥ እያለ፣ ከባልደረባዬ ጋር ግማሽ ግማሹን እንካፈለዋለን እንጂ ለአስር ሰዓት አላቆየውም።