በስቶክሆልም መንገድ ሰዓት እየታየ ይከፈልበታል

ግንቦት ላይ ስቶክሆልም ሄጄ ያረፍኩት ሺስታ ሰፈር፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነው። አንድ ቀን መሀል ከተማ ጉዳይ ነበረውና አብሬው ልሄድ በጠዋት ለባብሼ ጠበቅኩት። እሱ ሰዓቱን አየና «ቁርስሽን ቀስ ብለሽ ብዪ። አሁን ከወጣን የመንገዱ ክፍያ 45 ክሮነር ነው፣ ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን 11» አለኝ።

የመሀል ከተማው መግቢያ ኖርቱል ስንደርስ ከመንገዱ በላይ ካሜራ የተደረደረበት ብረት አየሁ። የሰዓቱን ዋጋ የሚያሳይ ሰሌዳም አለው። ኬላ የለም፣ የሚያስቆም ሰው የለም። ካሜራው ታርጋውን ያነሳል፣ ሂሳቡ በየወሩ ተጠቃሎ ለባለመኪናው ይላካል። ሲገባም ሲወጣም ይከፈላል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል በኋላና ቅዳሜና እሁድ ግን ነጻ ነው።

መጀመሪያ ብዙ ሰው ተቃውሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ለሰባት ወር ያህል ተሞከረ፣ ከዚያ የከተማዋ ነዋሪ ድምፅ ሰጠበትና አብላጫው ይቀጥል አለ፣ በ2007 ቋሚ ሆነ። ወደ መሀል የሚገባና የሚወጣው መኪና የቀነሰው በ20 በመቶ ገደማ ነው። ከአምስት መኪና አንዱ ማለት ነው! አራቱ አሁንም መንገድ ላይ ናቸው፣ ግን ይንቀሳቀሳሉ። መንገድ ጢም ካለ በኋላ የሚጨመሩት ጥቂት መኪኖች ናቸው ሁሉንም ቀጥ የሚያደርጉት፤ እነሱ ሰዓት ከቀየሩ ወይም ባቡር ከያዙ ሌላው ያልፋል። የአክስቴ ልጅ ራሱ ሥራ የሚሄደው በምድር ውስጥ ባቡር ነው፣ መኪናዋን የሚያወጣት እንዲህ ጉዳይ ሲኖረው ብቻ ነው።

እኔን በጣም ደስ ያለኝ ግን ቅደም ተከተሉ ነው። ክፍያው ከመጀመሩ ወራት በፊት፣ በ2005፣ አዳዲስ የአውቶቡስ መስመሮች ተከፍተው ነበር። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ለዋለ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ክፍያው ዛሬ ይጀመር ቢባል እምቢ እላለሁ፤ ገንዘብ ያለው ከፍሎ ሽው ይላል፣ ሌላው ሰልፉ ላይ ይቀራል። አውቶቡሱ በበቂ ቁጥር ቀድሞ ከመጣ፣ የራሱ መስመርም ካለው፣ ያኔ ደጋፊ ነኝ። ገንዘቡም ወደ ትራንስፖርቱ ይመለስ። ስቶክሆልም ውስጥ እየተስፋፋ ላለው የምድር ውስጥ ባቡር ወጪ በከፊል የሚሸፈነው ከዚሁ ክፍያ ነው።