ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የቀዳሁት ኢንሱሊን

ለሌሊት ተረኝነት አዲስ የሆናችሁ ነርሶች ይህን ቀድማችሁ እንድታውቁት እፈልጋለሁ፤ ለእኔ የነገረኝ አልነበረም። አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ስሠራ የሌሊቱ ዱቲ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነበር። ርክክቡን፣ የግፊትና የሙቀት ልኬቱን፣ የምሽቱን መድኃኒት ማንም ይለምደዋል። የማይለመደው ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው።

ያን ዕለት ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ነቅቻለሁ። ደመወዜ ስለማይበቃኝ ቀኑን በግል ክሊኒክ ሠርቼ በቀጥታ ወደ ዱቲ ገባሁ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ፣ ስኳሯ እጅግ ከፍ ብሎ ለተኛች ወጣት 10 ዩኒት ኢንሱሊን መስጠት ነበረብኝ። የኢንሱሊን መርፌ አልቆ ስለነበር ተራ ስሪንጅ አነሣሁ። ብልቃጡ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የሚይዝ ስለሆነ መቅዳት የነበረብኝ 0.1 ሚሊ ሊትር ነው፤ እኔ ግን ጽሑፉን አንብቤ፣ በልቤም አስልቼ፣ ሙሉ 1 ሚሊ ሊትር ቀዳሁ። የሚያስታምሟት እናቷ «ልጄ፣ የማታው እንዲህ ብዙ ነበር እንዴ?» ሲሉኝ «አዎ እማማ፣ ያው ነው» ብዬ ወጋኋት።

መድኃኒቱን መዝገብ ላይ ሳሰፍር «10 ዩኒት» ከሚለው ላይ እጄ ቆመ። ብልቃጡን አንሥቼ ጉድለቱን ሳይ ጉልበቴ ከዳኝ። ተረኛ ሐኪሙን ጠርቼ እውነቱን ነገርኩት። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥሯ እየሰጠን፣ ጣቷን ደጋግመን እየወጋን ስኳሯን ስንለካ ነጋ። አንድ ጊዜ ወደ አደገኛው 48 ወረደ፤ ላቧ ትራሱን አርሶት ነበር። ተረፈች።

የሥራ ባልደረባዬ «አትጻፊው» ብላኝ ነበር፤ ጻፍኩት። የደረሰኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ «በቸልተኝነት» ይላል። ስለ መርፌው ማለቅም ሆነ ለ34 ሕሙማን ሁለት ነርሶች ብቻ ስለመሆናችን አንድ ቃል የለበትም። እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል፤ ከዚያ ይልቅ ግን የሚቆጨኝ የእናቲቱን ጥያቄ ማለፌ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ 17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው ብቃት በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመጣጠን አሳይቷል። እኔ 22 ሰዓት ነቅቼ ነበር። መመሪያው በዱቲ መተኛትን ይከለክላል፤ እኔ ግን ሁለት ነርሶች ካላችሁ ከ9 ሰዓት በፊት በየተራ ለ20 ደቂቃ ያህል ተኙ እላለሁ፤ የነቃችው ፊቷን ታጥባ በደንብ እስክትነቃ መድኃኒት አትንካ። ኢንሱሊን፣ ፖታሲየምና ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መድኃኒት) ደግሞ ሌላ ዓይን ሳያየው አይሰጥ፤ ሌላ ነርስ ከሌለ ሐኪሙን ቀስቅሱት፣ ቢቆጣም ይቆጣ። ቡና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቀን የምትተኙትን እንቅልፍ ነው የሚወስድባችሁ።

ለቤተሰቡ እንዳልነግር ተመክሬ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ለዱቲ ስመለስ ግን ከልጅቷ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ስህተቱን ለእናቲቱ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ የልጃቸውን እጅ እንደያዙ «ዛሬስ ተኝተሽ ነው የመጣሽው?» አሉኝ። የክሊኒኩን ሥራ ትቼ ነበርና፣ ተኝቼ እንደመጣሁ ነገርኳቸው።