«ምነው ሞቼ በተገላገልኩ» ያልኩ ዕለት

አንድ የጎንደር ወዳጄ በቀደም ደውሎ «አሜሪካ ሰው ሁሉ ሽጉጥ ታጣቂ ነው አሉ፤ ማን ይጠይቃችኋል?» እያለ ሲስቅ፣ እኔን የጠየቀችኝ ሐኪም መሆኗን ልነግረው አፍሬ ወሬውን አስቀየርኩ።

እዚህ ሜሪላንድ በትጥቅ ጥበቃ ሥራ ስድስት ዓመት ሌሊት ሌሊት ከሠራሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ወደ ክሊኒክ ሄድኩ። በስልክ አስተርጓሚ አማካይነት ሕመሜን ስዘረዝር፣ እናቶቻችን ወጥ ባረረባቸው ቁጥር የሚሉትን «ምነው ሞቼ በተገላገልኩ» ጣል አደረግኩ። እኛ ዘንድ የዚህ መልሱ «ሞት ለጠላትህ!» ነው፤ አስተርጓሚዋ ግን፣ ሥራዋ ነውና፣ ቃል በቃል አደረሰችው። ሐኪሟም ራሴን ለማጥፋት አስቤ እንደሆነ፣ ልጎዳው የምፈልገው ሰው እንዳለ፣ ቤቴ መሣሪያ ይኖር እንደሆነ፣ የት እንደማስቀምጠውና ጥይት እንደጎረሰ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ።

ያሳፈረኝ ጥያቄው ብቻ አልነበረም፤ «ሰው መትተው ያውቃሉ?» የሚለውን በአማርኛ፣ ያውም በአንቱታ፣ ምናልባት እሑድ ቤተ ክርስቲያን በማገኛት ሴት ድምፅ መስማቴ ነበር። የአያቴ ምንሽር ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ባደግኩበት ቤት ጠመንጃ ያለው ሰው የሚጠየቀው ከማን እንደወረሰው ነው። ስለዚህ ኮራ ብዬ «መሣሪያዬን ከራስጌዬ አላርቅም» አልኩ፤ ነገሩም ባሰበት።

መሣሪያ እንደ ልብ በሚሸጥበት አገር ሐኪም የት አስቀመጥከው ብሎ መመርመሩ ቢያስቀኝም፣ በኋላ ሳነብ በ2021 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በጦር መሣሪያ ከሞቱት 48,830 ሰዎች 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ መሆናቸውን ተረዳሁ። የክፉ ሐሳብ ሰዓት ብዙውን ጊዜ የሚያልፍ በመሆኑ፣ በዚያ ሰዓት መሣሪያው ከእጅ መራቁ ነፍስ ያተርፋል። እኛ ደግሞ ጭንቀትን «አማኑኤል ገባ» እንዳንባል ደብቀን እናሳድረዋለን።

ለመምጣት የምታስቡ ሁሉ፣ ለሐኪም በምሬትና በዘይቤ አትናገሩ፤ ሐሳቡ እውነት ከሆነ ግን በግልጽ ተናገሩ። መሣሪያ አለኝ ማለት ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ አደጋ አለ ብሎ የሚሰጋ ሐኪም ወይም ቤተሰብ ግን ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሠራው የሜሪላንድ ሕግ መሣሪያው ለጊዜው እንዲወሰድ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል።

ያን ዕለት ቤት ገብቼ የአስተርጓሚዋን ነገር ለባለቤቴ እያሳቅኩ ሳወራት፣ እሷ አልሳቀችም። በማግስቱ ቁልፉ በቁጥር የሚከፈት የብረት ሣጥን ገዝታ መጣች፤ ማታ ሥራ ልገባ ስል ራሷ ትከፍትልኛለች፣ ቁጥሩን ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።