በአገዳው መሀል፦ ከአዳማ ወንጂ በሳይክል

የወደቅኩት አሰላ መንገድ ላይ ነው። ሳይክል ከገዛሁ ገና ሁለት ወር አልሞላኝም ነበር። ከአዳማ ወጥቼ ወደ አዋሽ መልካሳ ስወርድ አንድ ተሳቢ ከኋላዬ ጡሩምባውን ለቀቀው። ዞር ሳልል አጠገቤ ደረሰ። መኪናው አልነካኝም። ንፋሱ ግን ከአስፋልቱ ጠርዝ ገፍቶ ጠጠሩ ላይ ጣለኝ። ክርኔ ተላጠ፤ የፊት ቸርኬዬ ተጣመመ። ያነሱኝ ውሃ በአህያ ጭነው የሚሄዱ አንዲት እናት ናቸው። ቁስሌን በጀሪካናቸው ውሃ እያጠቡ፣ "ልጄ፣ ይሄ እኮ የመኪና መንገድ ነው" አሉኝ።

ቤት ገብቼም ያ ቃል አልለቀቀኝም። ታዲያ የሳይክል መንገድ የቱ ነው?

አዳማን የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ለምን እንደከበደኝ ይገባዋል። ከተማችን የመንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣው፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው፣ ወደ አሰላ የሚወጣው ሁሉ በእኛ በኩል ያልፋል። በየትም በኩል ብትወጡ ከባድ መኪና ይጠብቃችኋል። ከተማው ውስጥ ደግሞ ባጃጅ አለ።

መልሱ የመጣው ከመሥሪያ ቤቴ ነው። ሻይ የሚያፈሉልን እናት ያደጉት ወንጂ፣ የስኳር ፋብሪካው ካምፕ ውስጥ ነው። አባታቸው ከከምባታ አገዳ ሊቆርጡ መጥተው እዚያው ቀሩ። ፋሻ የታሰረ ክርኔን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"ታዲያ አገዳው ውስጥ አትነጂም?" አሉኝ። "እኛ ሳይክል የተማርነው እዚያ አይደል እንዴ።"

"አገዳው ውስጥ መንገድ አለ?"

"ሞልቶ!"

ማታ ስልኬ ላይ የሳተላይት ካርታ ከፈትኩ። እውነታቸውን ነው። ከአዳማ በስተደቡብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ሜዳ ተዘርግቷል። ሜዳው በቀጫጭን መስመሮች ተከፋፍሏል። መስመሮቹ ሁሉ መንገድና ቦይ ናቸው። ወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. በሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ነው። አገዳ ውሃ ይፈልጋል፤ ሲደርስ ደግሞ ተጭኖ መውጣት አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሳ ዳር ቦይ አለ፤ ቦዩን ተከትሎ መንገድ አለ። ከሰባ ዓመት በላይ እዚያው አጠገቤ የነበረ መንገድ ነው። እኔ አሰላ መንገድ ላይ ከተሳቢ ጋር እጋፋ ነበር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ወጣሁ። እስከ ወንጂ ያለው አስፋልት ነው፤ ሚኒባስና ባጃጅ አለው። በዚያ ሰዓት ግን ገና ጭር ያለ ነው። ካምፖቹ አጠገብ ስደርስ ከአስፋልቱ ወረድኩና ዝም ብዬ አገዳው ውስጥ ገባሁ።

ይሄ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው። መቶ ሜትር እንኳ ሳልሄድ ፊሽካ ተነፋ። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ከሳይክሌ ወርጄ፣ "አባባ፣ ይቅርታ፣ መንገድ መስሎኝ ነው" አልኳቸው።

"መንገድማ መንገድ ነው" አሉኝ። "ግን የሥራ ነው። ዛሬ በዚህ በኩል እሳት ይለቀቃል። ብትጠይቂ ማን ይከለክልሻል?"

ደነገጥኩ። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲነሳ ማሳው በእሳት እንደሚለቀቅ አላውቅም ነበር። እሳቱ በደቂቃ ውስጥ ነው ማሳውን የሚያዳርሰው። እኔ ደግሞ በሁለት ማሳ መሀል፣ ከቁመቴ እጥፍ በሚሆን አገዳ መሀል ልገባ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልጠይቅ ገብቼ አላውቅም። ሰላምታ እሰጣለሁ፣ ወዴት መሄድ እንደምፈልግ እናገራለሁ፣ የት እንደሚቆረጥና የት እንደሚቃጠል እጠይቃለሁ። አንዳንድ ቀን "ዛሬ አይሆንም" ይሉኛል። እመለሳለሁ።

ስለ ጸጥታው ልንገራችሁ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። በግራና በቀኝ አገዳ፣ ከጎን ቦይ። ንፋስ ሲነካው ቅጠሉ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ያለ ይመስላል። የካቴናዬን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እዚያ ነው። ከዚያ በፊት ዘይት እንደሚያንሰው እንኳ አላወቅኩም ነበር! ትንሽ ወረድ ስትሉ የውሃ ኩሬዎች አሉ። ከአዋሽ የሚመጣው ውሃ ሌሊት እዚያ ይጠራቀማል፤ ቀን ወደ ማሳው ይለቀቃል። ጠዋት ኩሬዎቹ ዳር ወፍ ይሰፍራል። እኔ የወፍ ስም ብዙም አላውቅም። ግን ሳይክሌን አስተኝቼ ግማሽ ሰዓት ቁጭ እላለሁ።

ጸጥታ ስል ሰው የለም ማለቴ አይደለም። መኪና ነው የሌለው። ውሃ የሚያጠጡ፣ የሚያርሙ፣ አህያ የሚነዱ፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሰዎች አሉ። መጀመሪያ ላይ በፍጥነት እያለፍኳቸው ነበር። ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ሲያዩ ልጆች ይጮሃሉ፣ እኔም አፍሬ እፈተለካለሁ። አንድ ቀን ቀስ ብዬ "አካም ቡልተን" አልኩ። ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው መለሱልኝ። አሁን ካምፑ ውስጥ ስሜን የሚያውቁ ልጆች አሉ። ከመንገድ ዳር ወጥቶ ሠራተኛ ማሳለፍም ግዴታዬ ነው። እነሱ ለሥራ ነው የወጡት፤ እኔ ለመዝናናት።

ጎማ ብዙ ገንዘብ አስወጥቶኛል። የመጀመሪያ ሳይክሌ ቀጭን ጎማ ነበረው። ጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል፣ እጅ ያደነዝዛል። በሰፊ ጎማ ቀየርኩትና አየሩን ትንሽ ቀነስኩ። ሌላ ሳይክል የገዛሁ ያህል ተሰማኝ። ከዚያ የግራር እሾህ መጣ። በአንድ ጠዋት ሦስት ጊዜ ተነፈሰብኝ። ካላማዳሪውን እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ፣ አምስት ደቂቃ እሄዳለሁ፣ ይተነፍሳል። ለካ እሾሁ ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል። ከተማ ያለ አንድ ጎሚስታ ነው ያሳየኝ። ካላማዳሪውን ከመመለስ በፊት የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጣት ቀስ ብሎ መዳሰስ ያስፈልጋል። አሁን ሁለት ካላማዳሪ፣ ማስቲሽና ትንሽ ፓምፕ ሳልይዝ አልወጣም። አገዳው ውስጥ ባጃጅ ጠርቶ መመለስ የለም።

ጭቃውን በሐምሌ ቀምሼዋለሁ። የወንጂ አፈር አብዛኛው መረሬ ነው። ሲረጥብ ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ፍሬኑ ውስጥ ይገባል፣ በመጨረሻ ቸርኬው አልዞርም ይላል። ሳይክሌን ተሸክሜ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄጃለሁ። በክረምት አገዳውን ትቼዋለሁ። ወደ መስከረም መጨረሻ መሬቱ ይደርቃል፤ ቆረጣው ገና ካልተጀመረ ደግሞ መንገዱ ሙሉ በሙሉ የእግረኛና የሳይክል ነው። ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ የሚበልጡት እነዚያ ሳምንታት ናቸው። ቆረጣ ከተጀመረ በኋላ አገዳ የጫኑ ትራክተሮች አሉ። አገዳው ረጅም ስለሆነ ማጠፊያው ላይ ምንም አይታይም። ስለዚህ በየመስቀለኛው ቆሜ ጆሮዬን እሰጣለሁ። ጆሮ ማዳመጫ የሚባል ነገር አገዳው ውስጥ አይታሰብም።

አንዴ ጠፍቻለሁ። ሁሉም መስቀለኛ አንድ ዓይነት ነው። የስልኬ ባትሪ አልቋል። ስዞር ቆይቼ የተቆረጠ ማሳ ላይ ወጣሁ፤ አድማሱ ተከፈተልኝና የቦሰት ተራራን አየሁ። ከዚያ ወዴት እንደምሄድ አወቅኩ። ግን ሰዓቱ ወደ 12 እየተጠጋ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለአዋሽ ቅርብ ነበርኩ። በኋላ ስነግራቸው ዘበኛው በጣም ተቆጡኝ። ጉማሬ ከወንዙ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ሣርም አገዳም ይበላል። በእሱና በወንዙ መሀል የገባን ሰው አይምርም። አሁን ከሰዓት በኋላ ወደ አገዳው አልሄድም። ብቻዬንም አልሄድም።

ውሃ ከቤት ያዙ። ይሄን የምለው ለጥም ብቻ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ወንጂ ደግሞ በዚህ የታወቀ ቦታ ነው። እዚያ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው የበለዘው ከዚህ የተነሳ ነው። አንድ ቀን መጠጣት አይጎዳ ይሆናል። በየሳምንቱ ለሚመላለስ ግን ልማድ እንዲሆን አልፈልግም። ማፍላት ደግሞ ፍሎራይድን አያጠፋውም። የቦዩ ውሃ በጭራሽ አይጠጣም፤ ማዳበሪያም ሌላም አለበት። እኔ ሦስት ሊትር እይዛለሁ፤ ካምፑ አጠገብ ሻይና አምባሻ አገኛለሁ።

ሳልናገር የማላልፈው የመልስ ጉዞውን ነው። ወንጂ ከአዳማ ዝቅ ይላል። ስትሄዱ መንገዱ ራሱ ይወስዳችኋል። በበጋ ንፋሱም ከኋላ ይገፋል። ጎበዝ የሆናችሁ ይመስላችኋል። ስትመለሱ ዳገቱና ንፋሱ አንድ ላይ ይጠብቋችኋል። የአዳማ ንፋስ ቀላል አይደለም፤ ኮረብታዎቹ ላይ ያሉት ሁለቱ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች በአንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት የተተከለላቸው በከንቱ አይደለም። የመጀመሪያ ጊዜ ግማሹን መንገድ ሳይክሌን እየገፋሁ ነው የገባሁት። አሁን ኩሬው ጋ ስደርስ ጉልበቴ ከግማሽ በላይ መቅረቱን አረጋግጣለሁ። ካልቀረ ከዚያው እመለሳለሁ።

ባለፈው እሑድ አራት ሆነን ሄድን። ሻይ የሚያፈሉልን እናት ልጃቸውን ላኩልኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሳይክሉ የወንድሟ ነው። መግቢያው ላይ ወረድን። ዘበኛው ልጅቷን አዩ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቁ። አያቷን ያውቋቸው ነበር። ቆብ ማድረጓን አይተው "ጎበዝ" አሏት።

"በወንዙ በኩል እየተቆረጠ ነው" አሉን ከዚያ። "በኩሬው በኩል ሂዱ።"

በኩሬው በኩል ሄድን።